ሐጀራ በር ፊት ያለው ሜዳ

ዴልፍት፣ ሆላንድ
ኅዳር 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ለጋሼ ጠሀ፤

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ናኢማስ እንዴት ናቸው? የእናቴ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ከብርዱ በስተቀር፣ ለጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ በጣም ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎት ለትልቅ ጉዳይ ነው። አስተማሪዬ ለመመረቂያ ሥራችን እያንዳንዳችን የምናውቀውን አንድ የድሃ ሰፈር መርጠን የልጆች መጫወቻ ፕላን እንድንነድፍ አዘዙን። ጓደኞቼ ካርታ ላይ ሲፈልጉ ዋሉ። እኔ ምንም አላሰብኩም፤ የእኛን ሜዳ ብዬ ጻፍኩ። እናቴ በር ፊት ያለውን፣ ጠዋት ጠዋት ከአትክልት ተራ የሚወጡት አይሱዙዎች አቋርጠውት የሚያልፉትን፣ ባለፈው ዓመት የተሸካሚው የጣሰው ልጅ እግሯ ላይ ጋሪ የሄደበትን ሜዳ።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ፕላኑን ከወደደው ሲሚንቶውንና ብረቱን ይገዛል። ባለፈው ደብዳቤዎ እንደነገሩኝ ደግሞ ነዋሪው እስከ ሰኔ 30 ፈርሞ ፕላን ካላቀረበ ቀበሌው ቦታውን ለመጋዘን ሊሰጠው ነው። መጋዘን ከሆነ ልጆቹ የሚቀራቸው አስፋልቱ ነው። ስለዚህ እባክዎ ይርዱኝ።

መጀመሪያ ሜዳውን ይለኩልኝ። ልጆቹ የት የት እንደሚጫወቱም ይጻፉልኝ። ከሁሉ በላይ ግን እናቴን ይጠይቁልኝ። ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ሜዳ ሃያ ዓመት ስታይ ኖራለች፤ ከአስተማሪዬ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ፊደል ስላልቆጠረች በእርስዎ እጅ ስታነጋግረኝ ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ያለችውን አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።
ልጅዎ ሱሀይር


መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሀይር፤

አላህ ባለሽበት አገር ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይሰውርሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ አንቺን አንቺን ከማለት በቀር የጎደለብን የለም።

ሜዳውን ለካሁልሽ። ከሱቄ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ መሬት ለመሬት ስንፏቀቅ የዱባይ ተራ ነጋዴ ሁሉ፣ ጋሼ ጠሀ ቦታው ተሸጠ እንዴ እያለ ይከተለኝ ጀመር። አንዱማ ቀብድ ሊሰጠኝ ኪሱ ገብቶ ነበር። የእህቴ ልጅ ሆላንድ ሆና የልጆች መጫወቻ ልትሠራበት ነው ብዬ ብነግረው፣ ይቀልዱብኛል ብሎ ተቀይሞኝ ሄደ። ርዝመቱ ሃያ አራት ሜትር፣ ወርዱ አሥራ አምስት ነው። በእናትሽ በር በኩል ትንሽ ይጠባል። ቦኖው ያለበት ጥግ ውሃ ስለሚፈስበት በጋ ከክረምት ጭቃ ነው፤ እዚያ ምንም እንዳትሠሪ።

ሴቶቹ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት በእናትሽ በር በኩል ነው። ወንዶቹ ብያቸውን ግድግዳው ሥር፣ የጨርቅ ኳሳቸውን ደግሞ መሐሉ ላይ። መኪና ሲመጣ አንዱ ይጮሃል፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ መኪናው ሲያልፍ ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። የልጅ ልጄ ዱንያ በዚህ ነገር ተክናለች። ገና ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሹፌሮቹን ስም ግን አንድ በአንድ ታውቃለች። ይህን ስጽፍልሽ ራሴን አመመኝ፤ እስከ ዛሬ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው።

እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ትንፋሽ ግን ያጥራታል። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ አላት፤ እሷ ሐኪሙን ቀነሰችው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ልጄ የሠራችው ሁሉ ያምራል፣ አላህ እጇን ይባርከው ብላለች። ሌላም ብዙ ተናግራለች። የሐጀራን ወሬ አንድም ሳላስቀር ልጻፍ ብል መርካቶ ውስጥ ያለ ወረቀት አይበቃኝም፤ ዋናው ምርቃቱ ነው። በመጨረሻ፣ ያቺ ከሲታ ምግብ ትብላ፣ እንደ ባለፈው ፎቶዋ አጥንቷን ይዛ ከመጣች በር አልከፍትላትም ብላለች።

ናኢማ እጅግ ትስምሻለች።
አጎትሽ ጠሀ


ዴልፍት
ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ጠሀ፤

ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ቢቀረው ነው፤ የሰላምና የበረከት ወር ያድርግልዎት። እናቴን ትንፋሽ እያጠራት እንዳትጾም ይከልክሉልኝ። እንደማትሰማዎት ባውቅም ይከልክሉልኝ።

ፕላኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። እርስዎ ከለኩልኝ አንድ ስንዝር አላሳለፍኩም። አይሱዙዎቹ በሚገቡበት በኩል አምስት የብረት ችካል አለ፤ ሰው ያልፋል፣ መኪና አያልፍም። መሐሉ ላይ ትልቁ ነገር አለ፤ ልጆቹ የሚወጡበት፣ ሸርተቴ ያለው፣ ሥሩ የሚደበቁበት የሲሚንቶ ኮረብታ። ዥዋዥዌው ከጎኑ ነው። ባዶ ቦታ አልተውኩም፤ ባዶ ከተተወ ነገ ደግሞ ሌላ መጋዘን ፈላጊ ይመጣበታል።

በእናቴ በር ፊት ያለውን ደግሞ ልብ ብለው ይዩልኝ። ጣራ ያለው የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበር ነው። ከእንግዲህ ፀሐይና ዝናብ ሳይመታት ልጆቹን ቁጭ ብላ ታያለች። አስተማሪዬ የመጫወቻ ቦታን የሚጠብቀው አጥር ሳይሆን የሚያይ ሰው ዓይን ነው ሲሉ፣ በሆዴ ይህንንማ ሐጀራ ታውቀዋለች አልኩ።

አሁን ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ እርስዎ የእድሩ ዳኛ ስለሆኑ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ያስፈርሙልኝ። እነሱ ከፈረሙ ሰፈሩ ይከተላል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ሜዳውን ይሣሉልኝ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም። በቅርቡ እዚያ ያዩትን፣ የተጫወቱበትን ይሣሉ፤ ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ስሙን ይጻፉበት።

ለእናቴ የሱፍ ካልሲ በሰው ልኬያለሁ። ስለ አግዳሚው ምን እንዳለች ለማወቅ ቸኩያለሁ።

ሱሀይር


መርካቶ
የካቲት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

ልጄ ሱሀይር፤

ይህን እንደማልልከው እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ሠላሳ ዓመት ክርና ቁልፍ ስሸጥ በማንም ላይ አንድ ክንድ አላጓደልኩም። አሁን ግን ባንቺ ላይ ላጓድል ነውና ቢያንስ አንድ ወረቀት ላይ እውነቱ ይስፈር።

እናትሽ ሞታለች። የካቲት 4 ሰኞ ዕለት፣ ከዙህር ሶላት በፊት፣ በሯ ላይ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች። ብከለክላትም ጾማ ነበር። ዱንያ መጥታ እማማ ሐጀራ ቁጭ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት አለችን። ስንደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። የአስር ሶላትን ሰግደን ቀበርናት። ታናሽ እህቴን በእጄ አፈር አለበስኳት።

እድሩ ድንኳን ተከለ። የት እንደተከለው አትጠይቂኝም፤ ሰፈሩ ሌላ ባዶ ቦታ የለውም። እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለቀስለት እዚያ ነው። የአባትሽም ድንኳን እዚያው ነበር፤ አራት ዓመትሽ ስለነበር አታስታውሺውም ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ፕላንሽ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ ኃይለየሱስ ከፖስታ ቤት አምጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሰጠኝ። ፍራሹ ላይ እንዳለሁ ከፈትኩት። ለሐጀራ ለቅሶ ተቀምጠን ለሐጀራ የሠራሽላትን ወንበር አየን። የሲሚንቶው ኮረብታ ያረፈው ልክ የድንኳኑ ምሰሶ በቆመበት ቦታ ነው። ወንበሩ ደግሞ ቃሬዛዋ በወጣበት በር ላይ። ሰዎቹ ወረቀቱን ተቀባበሉት። ማሻአላህ ያለ አለ፣ እግዜር ያሳድጋት ያለ አለ። እስክሪብቶ ያነሳ ግን አልነበረም። እኔም አላነሳሁም። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው የልጃችሁ ሥራ ነገ እኛን የምናለቅስበት ያሳጣናል ብሎ የሚናገር ከየት ይመጣል?

ከዚያ ዘመድ ተሰበሰበ። ናኢማ መርዶ በወረቀት አይላክም አለች። ጎረቤታችን ደብሪቱም ብቻዋን ክፍል ዘግታ ታልቅሰው ወይ፣ ማን ይደግፋታል አለች። የአክስትሽ ልጅ ጃፋር ትምህርቷ በሐምሌ ያልቃል፣ ስትመጣ በማለዳ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን ሲል ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። የሱቁን ስልክ ከነገመዱ ነቀልኩት፤ ብትደውዪ ድምፄ ይከዳኛል።

ልጆቹንም አሣልኳቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። በቅርቡ ያያችሁትን ስላልሽ አሥራ አራቱ ድንኳኑን ሣሉ። ለእነሱ ድንኳን ማለት ለሦስት ቀን መኪና ያላለፈበት ሜዳ ነው፤ እንደዚያ ሳምንት ተጫውተው አያውቁም። አሥራ አራቱን አውጥቼ የቁልፍ ካርቶን ውስጥ ደበቅኋቸው።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ነገ ሌላ ደብዳቤ እጀምራለሁ።


መርካቶ
መጋቢት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሀይር፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ትምህርትሽን አላህ ያግራልሽ። ፕላኑ ደርሶናል። ያላደነቀ ሰው የለም። ጣሰውማ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞት እንኳን ያምራል ብሏል።

ፊርማው ግን ትንሽ ይቆያል። የሽማግሌ ነገር ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል። ለጊዜው መሐል ያለውን ኮረብታ ወደ ጎን ልታደርጊው ትችይ እንደሆነ አስቢበት። መሐሉ ክፍት ቢሆን ጥሩ ነው። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

ልጆቹ ሃያ ሦስት ነበሩ፣ ደስ ብሏቸው ሣሉ። ከእነዚያ ዘጠኙን ልኬልሻለሁ። የሱፍ ካልሲውም ደርሷል፤ ቁምሳጥን ውስጥ በክብር ተቀምጧል። እናትሽን በተመለከተ፣ አሁን ጉልበቷንም ትንፋሿንም አያማትም። ስለ ወንበሩ ደስ ብሏታል። አንቺ ስለ እሷ አታስቢ፣ ፈተናሽን ብቻ አስቢ።

ስልኩ ተበላሽቷል፤ ቴሌ ተመላልሼ ሰለቸኝ።

አጎትሽ ጠሀ


ዴልፍት
መጋቢት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ጠሀ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ ካጠፋሁ አስቀድሜ አፉ ይበሉኝ እላለሁ።

ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። እስከ ዛሬ ከእርስዎ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሱቁን፣ መንገዱን፣ የነጋዴውን ጠብ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ሳነበው መርካቶ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ይህኛው ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ሃያ ሦስት ልጆች ሣሉ ይሉኛል፣ ዘጠኝ ሥዕል ይልኩልኛል። አሥራ አራቱ የት ሄዱ? መሐሉን አስለቅቂ ይሉኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። አስተማሪዬ መሐሉን የፈለገው ማነው ብለው ሲጠይቁኝ አጎቴን ጠይቄ ልንገርዎት አልኳቸው። ድርጅቱም ፊርማ ሳያይ ሲሚንቶ አይገዛም። እስከ ሰኔ 30 የቀረው ሦስት ወር ነው።

ጋሼ፣ መሐሉ ክፍት ሆኖ የሚጠቅመው መኪና የሚያስገባን ሰው ነው። ያ ቀብድ ሊሰጥዎት ኪሱ የገባው ነጋዴ ተመልሶ መጥቶ ይሆን? እርስዎን አልጠረጥርም። ግን ሽማግሌዎቹን አግባብቶ እርስዎ ለእኔ መናገር አፍረው ከሆነ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ልጅ መኪና ከገጨው እኔም እርስዎም በምን ዓይናችን እንተያያለን?

ሌላም አለ፤ ከሁሉም ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እናቴ ደስ ብሏታል ይላሉ። እናቴ እኮ ደስ ሲላት ነው የምትሳደበው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሲታ ሳትለኝ ያለፈች ደብዳቤ የለችም፤ በዚህኛው ስድቧ የለም። ታማለች እንዴ? ሆስፒታል ገብታም ከሆነ ይንገሩኝ። ትምህርቱም ይቅር፣ መመረቁም ይቅር፣ ለምኜም ቢሆን ትኬት አገኛለሁ። ወይ ስልኩን ያሠሩና አንድ ቃል ታናግረኝ። ትስደበኝ።

ሱሀይር


መርካቶ
ሚያዝያ 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሱሀይር፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለአረፋ አገር ቤት ወርደን ስለነበር መልሱ ዘገየ።

ቁጣሽ ደረሰኝ። አሳድጌሽ፣ ትምህርት ቤት እጅሽን ይዤ ወስጄሽ፣ ዛሬ ነጋዴ ገዛዎት ወይ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ቆጥቁጦኛል። የሰፈሬን መሬት ብሸጥ ኖሮ ገና ድሮ ባለፎቅ ነበርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቁልፍ እቆጥራለሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። መሐሉን የሚፈልገው መኪና አይደለም፣ እድሩ ነው። ድንኳን የምንተክለው እዚያ ነው። ሰው ሲሞትብን ፍራሽ የምናነጥፈው፣ ሻይ የምናፈላው፣ ቀባሪ የሚቆመው እዚያ ነው። አንቺ ባዶ አልተውኩም ብለሽ ያመሰገንሽው ነገር ነው ሽማግሌዎቹን ያስደነገጣቸው። ድንኳናችን ስምንት ምሰሶ አለው። በፕላንሽ ላይ የአንዱን እንኳ መቆሚያ አጣሁለት። ልጆቻችን መጫወቻ አግኝተው እኛ የምናለቅስበት ብናጣ፣ መንገድ ዳር ልናለቅስ ነው? ይህን ማንም ፊት ለፊት አይነግርሽም። አፍረውሻል፤ የሰፈር ልጅ ነሽ፣ የተማርሽ ነሽ። እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

የእናትሽ ስድብ ለምን ቀረ ላልሽው፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አትጠይቂኝ፤ ሐምሌ ስትመጪ ሁሉን እንጫወታለን። እስከዚያ ፕላኑን አስተካክለሽ ላኪ፣ አስፈርማለሁ።

ዱንያ የእኔ ሥዕል ለምን ቀረ ብላ አልቅሳ ልታብድብኝ ነው። ሌላ ሣዪ ብላት ፕላንሽ ላይ ያየችውን ዥዋዥዌ ሣለች። ይኸው ልኬልሻለሁ።

ጠሀ


ዴልፍት
ግንቦት 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ ጠሀ፤

ዛሬ ሰላምታውን አልቻልኩበትም።

የዱንያን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው ማጣበቂያ ልቀባው ገለበጥኩት። በጀርባው ሌላ ሥዕል አለ። እርስዎ አላዩትም። ዱንያ እንዳዘዝኳት ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ስሙን ጽፋለች። ቦኖ። ፍራሽ። ጋሼ ጣሰው ሻይ ሲያድል። በትልቁ ነገር ላይ፣ የእማማ ሐጀራ ለቅሶ። በእናቴ በር ላይ ዱካዋን ሥላ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ብላ ጽፋበታለች።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ስልኩ፣ ስድቡ፣ ጉልበቷን አያማትም ያሉት፣ መሐሉ።

ሦስት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን አብራኝ የምትማረው ሱዳናዊት መሊካ በሩን አስከፍታ ገባች። ስነግራት ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። እስኪመሽ አልተነሳችም። ሰው የላትም ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ። ነበረኝ።

ተቆጥቻለሁ ጋሼ። እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ ስለ ሸርተቴ ቁመት ሳስብ ውያለሁ። የሌለች ሰው ወንበሩን ወደደችው ወይ ብዬ መልስ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ስትሞት አልቅሼ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ግን ስድቧን እየጠበቅኩ እናት አለችኝ ብዬ ኖርኩ። ለምን እንዳደረጉት አውቃለሁ። እኔም እዚያ ብሆን ለሌላ ሰው ይህንኑ አደርግ ነበር ይሆናል። ቢሆንም ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጅብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ነው የምጽፍልዎት።

በስድስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና ፕላኑን ቀደድኩት። አዲሱን ይኸው። የሲሚንቶ ኮረብታው ቀርቷል። ወንበሩም ቀርቷል። እሷ በር ፊት ምንም አይተከልም፤ ያ ቦታ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱበት። የብረት ችካሎቹ እንዳሉ ናቸው። መሐሉ ክፍት ነው። በዙሪያው ስምንት ክብ ታገኛላችሁ፤ መሬት ውስጥ የሚቀበሩ የብረት ቧንቧዎች ናቸው፣ ክዳን አላቸው። ለቅሶ ሲሆን የድንኳናችሁ ምሰሶዎች እዚያ ይገባሉ። ሌላ ጊዜ በእነዚያው ቧንቧዎች ውስጥ ሌላ ግንድ ይቆምና ዥዋዥዌው ይሰቀልበታል። ሰው ሲሞት ዥዋዥዌው ይወርዳል፣ ድንኳኑ ሲነሳ ይመለሳል። አስተማሪዬ ሲያዩት፣ ይህን ማን አስተማረሽ አሉኝ። የስምንት ዓመት ልጅ አልኳቸው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለ ሜዳው እናቴን እንዲጠይቁልኝ ነግሬዎት ነበር። ሌላም ብዙ ተናግራለች ብለው አለፉት። ያንን እፈልጋለሁ። የእርስዎን ሳይሆን የእሷን ቃል፣ እንዳለችው።

ሐምሌ 28 እመጣለሁ።
ሱሀይር


መርካቶ
ሰኔ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ሱሀይር፤

ሰላምታ ልጽፍልሽ እጄ ፈራ፤ ግን ሰላም ላንቺ ይሁን። አላህ ያጽናሽ። ይህቺን ቃል በወቅቷ ልልሽ ይገባ ነበር።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጀመርኩት፣ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ይቅርታሽን በፈለግሽው ጊዜ ስጪኝ፤ ባትሰጪኝም እውነት አለሽ። ናኢማ ዱንያን ልትቆጣ ስትነሳ ከለከልኳት። ከሁላችን መሐል የታዘዘችውን የሠራች እሷ ብቻ ናት። የደበቅኋቸውን አሥራ አራት ሥዕሎችም ለባለቤቶቻቸው መለስኩ።

እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ፕላንሽን ዘረጋሁት። ጣሰው በጣቱ እየነካ ክቦቹን ቆጠረ። ስምንት ሲደርስ ቀና ብሎ፣ "ይቺ ልጅ ሐዘናችንንም አስባልናለች ማለት ነው" አለ፣ እስክሪብቶውን ተቀብሎ መጀመሪያ ፈረመ። ቀጥሎ እኔ ፈረምኩ። በሦስት ቀን መቶ አሥራ ሰባት ፊርማ ሞላ። ኃይለየሱስ ለቀበሌው አስገባ፤ ማህተሙ አርፎበታል፣ ለመጋዘን የመስጠቱ ነገር ተሰርዟል። ቀሪው ሥራ ድርጅቱን ይጠብቃል፤ ቧንቧዎቹን ግን አልጠበቅንም። ምናለሽ ተራ ብረት ሠሪዎቹ ጋ አስቆርጠን ጣሰውና የተሸካሚ ጓደኞቹ በሁለት ቀን ቀበሯቸው። አምስቱ ችካልም ቆሟል። ሹፌሮቹ ሦስት ቀን ሲሳደቡ ሰንብተው ሌላ መንገድ አገኙ። ዥዋዥዌው ተሰቅሏል። አሁን ሱቅ ስውል የሚሰማኝ የልጅ ጫጫታ እንጂ የአይሱዙ ጥሩምባ አይደለም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልጻፍ። ደብዳቤሽን ሳነብላት በሯ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እንዲህ አለች፣ ከቃሏ ምንም አልቀነስኩም፤

"ለዚያች ከሲታ ንገርልኝ። ሜዳውን እንዳትሞላው። ሃያ ዓመት ያየሁት ይህንን ነው፤ ልጅ ባዶ ቦታ ካገኘ ጨዋታውን ራሱ ያመጣዋል። መኪናውን ብቻ ትከልክልልኝ። ደግሞ እኔ ስሞት ድንኳኔን የት ሊተክሉት ነው? መሐሉን ትተውልኝ።"

ይህን ነበር ያስቀረሁት። ሟርት መሰለኝ። በባዕድ አገር ለምትማር ልጅ ስለ ሞት አይጻፍም አልኩና በእሷ ቃል ፈንታ የራሴን ምርቃት ጻፍኩልሽ። ያለችውን አንድም ሳላስቀር ጽፌልሽ ቢሆን ፕላንሽ ገና በጥር የተስተካከለ ይሆን ነበር። ለቅሶዋ ላይ ስንከፍተውም የእሷን ቃል እናይበት ነበር። ይህ ከማንኛውም ቁጣሽ በላይ ያቃጥለኛል።

ስትመጪ እኔና ናኢማ ከአየር ማረፊያ እንቀበልሻለን። ቤት ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ ታገኛለሽ። ሰፈሩ ከአንቺ ጋር ስላላለቀሰ ለአንድ ቀን እንደገና እንቀመጣለን። በአንቺ ቧንቧዎች ላይ የሚቆመው የመጀመሪያው ድንኳን ይህ ነው። ያን ቀን ዥዋዥዌው እንደሚወርድ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ዱንያ ለስንት ቀን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለአንድ ቀን ነው፣ በማግስቱ ሱሀይር ራሷ ትሰቅልላችኋለች አልኳት።

አጎትሽ ጠሀ